የገዛሁት ካሴት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥቅምት 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙዓዊያ፣

አሰላሙ አለይኩም። መልስህን ሳልጠብቅ ወአለይኩም ሰላሙንም እኔው ልበልልህ፤ የኮምቦልቻን ሰው ሙቀቱ ሰላምታ ላይ እንደሚያሰንፈው አውቃለሁ። እዚህ ደሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ፣ ሱቄ ውስጥ ገብቶ፣ መቀሴን ሳይቀር አቀዝቅዞታል። አንተ በሸሚዝ ስትንጎራደድ እኔ ካፖርት ለብሼ የሰው ካፖርት እሰፋለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ ሌላ የሚከፋ ነገር የለም።

ሹፌሩ በላቸው ካሴቴንና ስልኬን በሚኒባሱ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ወዲያው ስልኩን ከፈትኩት። የዘፋኟ የረሂማ ድምፅ ከዚያች ከመዳፌ ከምታንስ ዕቃ ሲወጣ ጊዜ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛዬን በቁምጣ አቁሜ ትከሻዬን ስሰብቅ ቆየሁ። ሰውየው ሱሪዬን ስጠኝና ከዚያ ትጨፍራለህ አለኝ። ቴፕ የበላውን በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣ የተበጠሰውን በፕላስተር እየቀጠልኩ ያቆየሁትን ካሴት አንተ ኮምፒውተርህ ላይ ቀድተህ ከሞት አስነሳህልኝ። ዕድሜ ይስጥህ።

ከስልኩ ጋር የላክኸውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የጁምዓ ኹጥባ ላይ ስለ ሰው ሐቅ ሲነገር ሰምተህ ተጨንቀሃል። ሱቅህ ውስጥ ስልክ ከመጠገን ሌላ ዘፈን በሚሞሪ ስለምትጭን፣ ይሄ ነገር የዘፋኞቹን ሐቅ መብላት ይሆን ወይ ትለኛለህ።

የሌላውን አላውቅም፤ የራሴን ልንገርህ። ያን ካሴት የገዛሁት በ85 ነው። ቴፑ በላብኝ፤ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ሁለቴ የከፈለ ሰው ለምን ሦስተኛ ይከፍላል? «አጎቴ፣ የሰፉት ኮት ሲቀደድ ሌላ ኮት በነጻ ይሰጣሉ ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አልሰጥም። ኮት ጨርቅ ይፈጃል። ዜማ ምን ጨርቅ ፈጀ? ዘፈኑ ድሮም ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ አንተ ከጭንቅላቴ ወደ ስልኬ አዛወርክልኝ እንጂ ከማንም ኪስ አላወጣህም። ስለዚህ ሱቅህ ውስጥ አንድ ሕግ አውጣ። ሊያስጭን የመጣውን ሁሉ «ካሴቱን ገዝተህ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ገዝቻለሁ ካለ ጫንለት፤ አልገዛሁም ካለ መልሰው። ቢዋሽ ውሸቱ በእሱ አንገት ነው። አየህ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ሙፍቲ ሆንኩልህ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ ያልከኝን አንብቤ «የልጅቷ ስም ጣይባ ነው፣ ቤታቸው ሆጤ ነው፣ እናቷ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች» የሚለው ላይ ስደርስ ደስ ብሎኝ ነበር። የእናቲቱ ስምና የድሮ ዘፋኝነቷ ላይ ስደርስ ግን መርፌውን ጣቴ ላይ ሰካሁት። ረሂማ! የኔዋ ረሂማ! ዓረብ አገር ሄዳለች፣ ዘፈን ትታ ጠፍታለች ሲባል ስንሰማ፣ ለካ ከኔ ሱቅ በእግር በሚደረስበት ቦታ በርበሬ ትቀነጥሳለች። አንተ ደግሞ ዓመት ሙሉ የማን ልጅ እንደሆነች ሳትነግረኝ! እዚህ ብትሆን ጆሮህን እጎትትልህ ነበር።

አረፋ እንዳለፈ እንሄዳለን። ሼህ የሱፍን ከቦሩ ሜዳ አስመጣለሁ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ሞላልኝም እሺ ብሎኛል። አንተ ዱዓ አድርግ፤ ወሬውን ለኔ ተወው።

አጎትህ ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታ ላይ ሰነፍ ነህ ስላሉኝ፣ ለሱቅዎ፣ ለማሽንዎ፣ ሱሪውን ለተቀማው ደንበኛዎም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ያወጡልኝን ሕግ ሞከርኩት። ካሴቱን ያልገዛ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ የለም። ትናንት ጢም ያላበቀለ ልጅ መጥቶ የረሂማን ጫንልኝ አለኝ። በ85 ገዝተህ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው ወላሂ ገዝቻለሁ ብሎ ማለልኝ። ተወልደህ ነበር ወይ ስለው፣ አባቴ ገዝቷል፣ እኔ ወራሽ ነኝ አለ። ሰልፉ ሳቀ፤ እኔም ስቄ ጫንኩለት። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

አጎቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎት ሦስት ነገር አለ። ሥራዬን ሲጠይቁዎት ስልክ ጠጋኝ ነው ይበሉ፤ ይሄም እውነት ነው። ካሴቱን አያንሱ። ደግሞም፣ አፉ ይበሉኝና፣ እዚያ ቤት አይዝፈኑ።

ጣይባ እንደነገረችኝ እናቷ ያ ካሴት ሲነሳ አይወዱም። በመንገድ የሚያልፍ መኪና ከከፈተው ተነሥተው መስኮት ይዘጋሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የማልጠይቅበት የራሴም ምክንያት አለኝ።

ጣይባ ከእናቷ በቀር ማንም የላትም። እናቴ አይሆንም ካለች አንተን ብዬ አልወጣም ብላኛለች፤ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። ሁለተኛ ሰው የምልክበት ቀን የለኝም። ተስፋዬ እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ ሙዓዊያ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለሙዓዊያ፣

እንዴት ሰነበትክ? አረፋ እንዴት አለፈ? የኛ ሙክት ሰባ ያለ ነበር። ጋሽ ሞላልኝ ሥጋችንን ባይበላም ቆዳውን ሲገፍ አግዞኛል፤ ለገናም እኔ የእሱን እገፍፍለታለሁ። በላቸው የኋላ ጎማዎቹን ቀይሯል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ እንደ ድሮው ዓይን አያስጨፍንም። የማሽኔ ቀበቶ ላልቶ ነበር፤ አስጠብቄዋለሁ። ብርዱ እንዳለ ነው። እናትህ ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ተሽሏታል። ከዚህ ሌላ ምን ልጻፍልህ።

አዎ፣ ሄደናል። ሦስታችንም ደጅ ቆመን፣ ሼህ የሱፍ በወጉ ጀምረው፣ እኔም አንዳንድ ነገር ጨምሬበት ጥያቄያችን ደርሷል። እናትየው እንልክባችኋለን ብለው አሰናበቱን። ይሄ ደንብ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ እሺ ቢሉን ኖሮ ልጅቷ ምን ሆና ነው ብለን እንጠረጥር ነበር።

ቀጠሮ ሰጡ ወይ ላልከው፣ ቀን ቆርጠው አልሰጡም። ፊታቸው እንዴት ነበር ላልከው፣ የሰው ፊት በደብዳቤ አይጻፍም። በበላቸው በቃል የላክኸው ሦስተኛው ጥያቄ ግን ደስ አላለኝም። ሽማግሌ ዘፍነው ነበር ወይ ተብሎ አይጠየቅም።

ስልክ ስትደውል አይቻለሁ። ባትሪው ደክሞ ነው ልልህ ነበር፤ ባትሪው ደህና ነው። ለጊዜው በደብዳቤ ይሻለናል። ደብዳቤ ላይ ሰው ድምፁን ማስተካከል አይጠበቅበትም።

ሱቅ ውስጥ ሰሞኑን ሬድዮ ነው የምከፍተው። ዜና መስማት ጥሩ ነው።

አጎትህ ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ
ኅዳር 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ጣይባ ደውላልኛለች። ሙሉውን አልነገረችኝም፤ ታለቅስ ነበር። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ እናቷ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ካርቶን አወረዱ አለችኝ። ውስጡ ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ የእሳቸው ካሴት ነው፣ እስከ አፉ ሞልቶ። አንዱን ከፍተው እስከ መጨረሻው አብረው ሰሙት። ከዚያም እናቷ «ሽማግሌው የዘፈነልኝ የሌባውን ቅጂ ነው» አሉ። ጣይባም ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ ብላ ዘጋችው።

በእርስዎ ላይ ብቻ ልቆጣ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ካሴትዎን ለመቅዳት ስከፍተው ቅጂ መሆኑን አውቄ ነበር። የሽፋኑ ፎቶ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ነው፣ ጥቁር ብቻ። ካሴቱ ላይ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስም የለም። መጨረሻው ላይም ከበሮው እየተመታ ድንገት ይቆረጣል። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ይሄን ያውቃል። ዝም ያልኩት የእርስዎን ኩራት ላለመንካት ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ገበያዬን ላለመንካት ነው። ያን ሰሞን ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው የረሂማ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ከኮምፒውተሬ ሰረዝኩት። በማግስቱ ወደ ደሴ ልመጣ፣ እርስዎንም ላገኝ፣ በበላቸው መኪና ተሳፈርኩ። ሐረጎ ላይ ዘፈን ከፈተ። እሱው ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ ይቆረጣል። ዝጋልኝ አልኩት። «አንተ አይደለህ እንዴ የጫንክልኝ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደሴ ደርሼ ከመናኸሪያው ሳልወጣ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።

እዚያ ቤት የተባለውን እንዳለ ይጻፉልኝ። የማላውቀውን ነገር ይቅርታ ልጠይቅበት አልችልም።

ሙዓዊያ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለሙዓዊያ፣

አፉ በለኝ። ከሰላምታ በፊት ይሄን ጻፍኩ፤ ሰላምታው ላይ ከቆየሁ እንደገና ወደ ሙክቱ እንዳልሄድብህ ብዬ ነው።

በወጉ ጀምረናል ያልኩህ እውነት ነው። ደጁ ላይ ቆምን። ወይዘሮ ረሂማ እጃቸው በርበሬ እንደነካ በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። እኔ የማውቃቸው በካሴቱ ሽፋን ነው፤ ለካ ያ ፎቶ አጥቁሮብኝ ኖሯል፣ ቀይ ሴት ናቸው። ግቡ ቢሉን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ሼህ የሱፍ ዱዓ አድርገው፣ የልጅሽን እጅ ፈልገን ነው የመጣነው ብለው፣ የአባትህንም ዘር ቆጥረው ጨረሱ። ሥራው ምንድነው አሉ ወይዘሮ ረሂማ። ስልክ ጠጋኝ ነው አልኩ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ ቀለበት እየመረጥክ ነበር።

እርስዎስ ምን ይሠራሉ ብለው ጠየቁኝ፤ እንዲያው ለጨዋታ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የምሠራውም በእርስዎ ድምፅ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ፈካ። ያ ፊት ሲፈካ አይቼ መቆም አቃተኝ። ካሴትዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሌ አውቀዋለሁ አልኩ። ጋሽ ሞላልኝ እግሬን ረገጠኝ። እኔም ጫማዬን ሳብ አድርጌ ቀጠልኩ። ስለ ቦርከና ወንዝ የዘፈኑትን አንጎራጎርኩላቸው፤ የሙሽራ መሸኛውንም አስከተልኩ። ይባስ ብዬ ካሴቱ የሚያልቅበትን ከበሮ ሁለቴ በአፌ መታሁና ቀጥ አልኩ፣ ልክ ካሴቱ እንደሚለው። በእውቀቴ ኮርቼ ጭብጨባ እጠብቃለሁ።

«ከዚያስ?» አሉኝ።

«ከዚያማ ያልቃል» አልኩ።

«ከዚያ በኋላ ያለውስ?»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላማ ገልብጬ ከመጀመሪያው ነው አልኩ።

«ከዚያ በኋላ አንድ አለ» አሉ። «እሽሩሩ ነው። ይቺን ልትጠይቁኝ የመጣችሁባትን ልጅ ታቅፌ የዘፈንኩት። ሌባው የቀዳበት ክር አጭር ስለነበር ቆርጦ ጣላት።»

አሁንም ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ገዝቻለሁ እኮ፣ ሁለቴ ነው የገዛሁት አልኩ።

«ከማን?» አሉኝ።

ሙዓዊያ፣ ሰው በስድሳ ዓመቱ አካባቢ ሲያፍር ጆሮው እንደ ልጅ ይግላል፤ አላውቅም ነበር። የገዛሁት ከገበያ ነው፣ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው። ሙዚቃ ቤቱ እዚያው ፊት ለፊቱ ነበር። አልገባሁም፤ ለመግባት አስቤም አላውቅም። ሁለተኛውንም ከዚያው ሰው ገዛሁ፤ ደንበኛ ሆነን ነበር፣ ቀልድ ያውቃል። ድምፁ ጭጋግ የለበሰው ቴፔ አርጅቶ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጁ ስልክ መጠገን ብቻ ነው የሚሠራው ወይ ብለው ጠየቁ። እሽሩሩውን ከነገሩኝ በኋላ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ አዎ አልኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። እንልክባችኋለን ያሉት ይሄን ከሰሙ በኋላ ነው። በሩን አልወረወሩብንም፤ ቀስ ብለው ዘጉት።

ስንመለስ ሼህ የሱፍ ቀድመውኝ ሄዱ። ጋሽ ሞላልኝ ሱቄ ድረስ ሸኘኝና ያንን ስልክ ወዲያ አድርገው ብሎኝ ሄደ።

ጥቅምት ላይ የጻፍኩልህን ታስታውሳለህ፣ ሁለቴ የከፈለ ለምን ሦስተኛ ይከፍላል ያልኩትን። ለሌባው እየከፈልኩ የእሳቸው ባለውለታ ነኝ ብዬ ኖርኩ። ሆጤ ሄጄ በርበሬ ገዝቻቸው ሊሆን ይችላል፤ ቀንሽልኝ፣ ቀንሽልኝ ስል ተከራክሬያቸውም ይሆናል፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ በድምፃቸው ጨፍሬያለሁ። ከኔ ካሴት ነው አንተ የቀዳኸው፤ ካንተ ነው ኮምቦልቻ ሁሉ የወሰደው። ሌባው ቆርጦ የጣላትን ልጅ እኔና አንተ በየሰዉ ስልክ ላይ ደግመን ቆርጠን ጣልናት።

በኔ ቦታ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ። የናትህ ወንድም መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ የታመምኩ አስመስለህ አስቀረኝ። ጆሮው ታሞ ነው ብለህ ንገራቸው፤ ውሸት አይሆንብህም።

ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎን ለጣይባ አነበብኩላት፤ ያለ ፈቃድዎ ስለሆነ አፉ ይበሉኝ። እሷ ደግሞ ሁሉንም ለእናቷ ነገረች። እኔም ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ ካሴቱን ማን እንደቀዳው፣ ቅጂ መሆኑንም እያወቅሁ እንደነበር ንገሪያቸው አልኳት። ተደብቆ በተያዘ ነገር ላይ ኒካህ ማሰር አልፈለግሁም።

ትናንት መልስ ተላከ። የምትሄዱበት ዕለት ቅዳሜ ነው። እንዲህ አሉ አለችኝ፤ «እነዚያው ሦስቱ ይምጡ። አንድ ሰው አይቀየር። የዘፈነው ካልመጣ ሌሎቹም አይድከሙ።»

ስለዚህ በሌላ ሰው ልተካዎ አልችልም፤ ብችልም አላደርገውም። ምን ሊሉ እንደሆነ ጣይባም አታውቅም። እርስዎ ከቀሩ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ከሄዱም ሊያልቅ ይችላል። አሁን አልተቆጣሁም፤ ፊት ለፊት እንዳይናገሩ ያሰርኩዎት እኔ ነኝ።

ይሂዱልኝ።

ሙዓዊያ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙዓዊያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዋናውን በላቸው በቃል ነግሮሃል፤ ሐረጎን እየወረደ ጥሩምባ ሲነፋ ኮምቦልቻ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ቢሆንም ከኔ እጅ አንብበው፤ ልጅቷን ሰጥተውናል። ኒካሁ ጥር ላይ ይሁን ተብሏል። ሙባረክ ይሁንልህ።

እንዴት ሆነ ብለህ ትጠይቀኛለህና እጽፍልሃለሁ።

ሄድን። ጠዋት ጋሽ ሞላልኝ ሱቄ መጥቶ ኮሌታዬን አቃናልኝ፤ ልብስ ሰፊውን! መንገድ ላይ ሼህ የሱፍ ዛሬ አንተ ታደምጣለህ አሉኝ። እሺ አልኩ። ደጁ ላይ ሁለቱ ፊት ቆሙ፣ እኔ ከኋላ። ወይዘሮ ረሂማ ወጥተው ሰላምታ ሰጡንና በሁለቱ መሃል ወደ ኔ ተመለከቱ።

«የገዛ ሰው ቢያስጭን ምን አለበት ብለው ለልጁ ጽፈውለታል አሉ» አሉኝ።

ጽፌያለሁ አልኩ። መሬቱን እያየሁ ነው።

«ልክ ነዎት» አሉ። «የገዛ ሰው ካሴቱ ቢበላበት መልሶ ቢያስጭን ሐቁ ነው። እዚህ ቤት ቢመጣልኝ ሌላ ካሴት በእጁ እሰጠው ነበር። ካርቶኑን ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው። አንድም ሰው አልመጣም። ሁሉም ገዝቻለሁ ይላል፤ ከኔ የገዛ ግን የለም።»

እኔ ሌሊቱን አዘጋጅቼው የነበረ ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ አንዲቷም ፊደል አልቀረችልኝም። ከመንደራችን ትንሽ ትንሽ አሰባስቤ ካሳ ብዬ ልሰጣቸውም አስቤ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ሐሳቡን ለማንም ሳልነግር ዋጥኩት። አሁን ላንተ ስነግርህ እንኳ ያሳፍረኛል።

ስለ አንተም አነሱ። «ሰርዣለሁ ብሏል አሉ፤ ማን ሰርዝ አለው?» ብለው ጠየቁ። ሐቅዎን ነክቷልና ተጸጽቶ ነው አሉ ሼህ የሱፍ። ወይዘሮ ረሂማ ግን «የሰማ ሰው አይሰረዝም፤ ከእንግዲህ ሱቁ ውስጥ የማንንም ድምፅ ሲጭን ባለቤቱ የት እንደሚኖር ይጠይቅ፤ እኔ ሆጤ ነበርኩ» አሉ። በዚህ ላይ ብዙ አልተናገሩም። አንተ ግን ብዙ አስብበት። እኔ ያወጣሁልህን ሕግ ቅደደው፤ ሁሉንም ውሸታም አድርጎ በሰላም የሚያሳድር ሕግ ነበር።

ከዚያ ጣይባን ከውስጥ ጠሯት። ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ እናቷ አጠገብ ቆመች። ትፈልጊዋለሽ ወይ አሏት። አንገቷን ደፍታ አዎ አለች፤ ግን ሁላችንም ሰማናት።

«እንግዲህ ስሙ» አሉን። «ልጄን በዘፈኑ ምክንያት አልከለክላችሁም። በዘፈኑ ምክንያትም አልሰጣችሁም። ልጁ ሥራውን ራሱ አስነግሮኛል፤ ያን ባያደርግ ኖሮ ዛሬ እዚህ አትቆሙም ነበር። ሰጥቻችኋለሁ። ግቡና ተቀመጡ።»

ገባን። ሼህ የሱፍ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ አሉ፤ ጋሽ ሞላልኝም በራሱ መንገድ አሜን አለ። ምግብ ቀረበ። ጎረቤቶች እልል አሉ። ሁሉም ሲጎርስ እኔ እጄን ሰበሰብኩ። ተነሣሁና ፊታቸው ሄጄ ወይዘሮ ረሂማ፣ አፉ ይበሉኝ አልኳቸው። ሰርግ በተባለበት ቤት፣ ዱዓ በተደረገበት አፍታ፣ አፉ ብያለሁ እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰዉም እርግጠኛ ነበር። ያቺን ሰዓት የመረጥኳትም ለዚያው እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ በሰው ፊት እምቢ አይሉኝም ብዬ ነው።

ጠጋ ብለው ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነገሩኝ።

«ጣይባን የጠየቃችሁኝ ሦስት ሆናችሁ ነው፤ መልሳችሁን ወስዳችኋል። ይሄ የብቻዎ ነው። ለዚህ ሌላ ቀን ብቻዎን ይምጡ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሞላልኝ ምን አሉህ ሲለኝ ብላ አሉኝ አልኩት።

እንግዲህ አማትህ ናቸው፤ ትገባለህ፣ ትወጣለህ። አደራህን፣ ስለኔ አንድ ቃል እንዳታነሳ። ጣይባም እንዳታማልደኝ። ሼህ የሱፍ አብሬህ ልሂድ ብለውኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሆጤ ደርሼ ተመልሻለሁ። በርበሬ የሚገዙ ሴቶች ነበሩ፣ ሰው በዛ ብዬ ተመለስኩ። ዳግመኛ ስሄድ ማንም አልነበረም፤ ያኔ ደግሞ ማንም ስለሌለ ተመለስኩ። ነገ ሱቁን ዘግቼ እሄዳለሁ። ላንተ ልጅቷን ስጠይቅ አፌ ሙሉ ነበር፤ ያለ ልክም ሞልቶ ፈሰሰ። ለራሴ አፉ ይበሉኝ የምልበትን ቃል ግን ይኸው ማሽኑ ፊት ተቀምጬ እየፈለግሁ ነው፣ የሰው ኮት እጄ ላይ ይዤ።

እስካሁን ያገኘሁት ሰላምታውን ብቻ ነው።

አጎትህ ኑርሁሴን